አንድ ናቸው ያልኳቸው ሁለት ገብሶች

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ አረንጓዴ ሽፋን አለው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከታችኛው መደርደሪያ ተቀምጧል። እስካሁን የተዋሰው ሰው የለም። ይህን የማውቀው ከኋላው የተለጠፈውን የውሰት ካርድ በየጥቂት ወሩ ሄጄ ስለማይ ነው። አሳፋሪ ልማድ ነው፤ ግን አለብኝ። ከዚያ ሁሉ ገጽ ሥራ ላይ የዋለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሥራ ላይ ያዋሉት አጎቴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ማንበብ አይችሉም። በስልክ ነው የነገርኳቸው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤታቸው ጉና ተራራ ትከሻ ላይ ነው፤ ገሳይ ከተማ ከመኪና ወርዶ ሦስት ሰዓት ያህል ዳገት የሚወጣ ሰው ያገኘዋል። ከእሳቸው ቤት በላይ ሌላ ቤት የለም፤ ያለው ጅብራ የሚባለው የውርጭ አገር ተክልና ጉም ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ገብስ ይዘራል፣ ድንች ይተከላል፣ ሌላው ሙከራ ነው። የአጎቴ ገብስ ጥቁር ነው። ከእናታቸው የወረሱት ዘር ሲሆን፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ምርቱ ስለሚያሳፍር ከተዉት ቆይተዋል። ዛላው አጭር፣ ፍሬው ቀጭን፣ ሲወቃ ከፍሬው ገለባው የሚበዛ ገብስ ነው። አጎቴ ግን አልተዉትም። ውርጭ ይችላል ይላሉ። «ይላሉ» የምለው ሳይንስ ስለተማርኩ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን «አይተዋል» ይል ነበር።

አንድ ዓመት የእርሻ ባለሙያው አንድ ጆንያ ምርጥ ዘር ሰጣቸው። ነጭ ገብስ ነው። ታች ሜዳው ላይ ጎተራ ሲሞላ በዓይናቸው አይተዋል። ያላወቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሳቸው ያሉበት ከፍታ ላይ ውርጩን ይችል እንደሆነ። መሬታቸው አንድ ማሳ ነው። ተሳስተው ከዘሩ የሚበሉት የለም።

ከገብሱ ጀርባ ደግሞ ልጃቸው ነበረች። ያኔ ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ሁለተኛ ውሏን ልትጨርስ ተቃርባለች። በስልክ ስታናግራቸው «ከዚህ በኋላ ማሳው ካበላን እቀራለሁ፤ ካላበላን እመለሳለሁ» ብላቸዋለች። እንደዚህ ነው የምትናገረው፤ ታለቅሳለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። ስለዚህ አጎቴ ሁለቱን ዘር በሁለት እጃቸው ዘግነው ከፊቴ ሲቀመጡ ጥያቄው የገብስ ብቻ እንዳልሆነ አውቄ ነበር።

«ያ የምትማረው ነገር ይህን ያውቃል?» አሉኝ።

«ያውቃል» አልኩ።

ያኔ ደብረ ታቦር ላይ ሥነ ሕይወት እያስተማርኩ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የጥናት ርዕስ እፈልግ ነበር። ርዕስ የሚፈልግ ሰው የሚመልሰውን መለስኩ። ከዚያም ማስረዳት ጀመርኩ። ሁለቱም ገብሶች ብርድ የሚከላከሉበት ጂን አላቸው። ጂን በዘሩ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ልዩነት ካለ ትእዛዙ መኖሩ ላይ ሳይሆን ብርዱ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚሠራበት ነው። ጂኑ ሲሠራ የራሱን ግልባጭ ያወጣል፤ ብዙ ከሠራ ብዙ ግልባጭ፣ ትንሽ ከሠራ ትንሽ። እኛ ቅጠሉን ቀጥፈን ግልባጩን እንለካለን።

አጎቴ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያ ሁለቱም ጋቢ አላቸው። የትኛው ቶሎ ይደርባል ነው የምትለኝ?»

እንደዚያው ነው አልኳቸው። እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ የምነግረው ይህንኑ ነው። ከማን እንደሰማሁት ግን አልናገርም።

«ከላይ አይቶ አይታወቅም እንዴ?»

«አይታወቅም አጎቴ። እኔ የማየው ውስጡን ነው። ላዩ ምንም ቢሆን ለእኔ ግድ የለኝም።»

ይህችን አነጋገሬን አንባቢ ያስቀምጥልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

በሰኔ ከቤታቸው አጠገብ ሁለት ትንንሽ መደብ አዘጋጅቼ አንዱን በጥቁር፣ አንዱን በነጭ ዘራሁ። እሳቸው ማሳቸውን እንደ ልማዳቸው በጥቁሩ ዘሩት። ስሄድ አደራ አልኳቸው፤ በግ እንዳይገባበት፣ ከብት እንዳይረግጠው። አጎቴ አደራ ሲባሉ ፊታቸው ይለወጣል። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ሳይጎድል ለባለቤቱ ማስረከብ አለበት ብለው ያምናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር አይገባቸውም። አንድ ጊዜ መንገድ የሄደ ጎረቤት ትቶባቸው የነበረ በግ ሲታመም ቤት አስገብተው ከእሳት ዳር እንዳስተኙት፣ የራሳቸው በጎች ደጅ እንደነበሩ እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች። ይህን እያወቅኩ ነው አደራ ብዬ የሄድኩት።

ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠራ፣ ውርጩ ወረደ። አጎቴ ጠዋት ደውለው ነገሩኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅኩ፣ ገሳይ ወረድኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ፤ ስደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከታች ያለው የጎረቤት ባቄላ የፈላ ውሃ የደፉበት ይመስል ጠውልጎ ጠቁሯል። የእኔ ሁለት መደቦች ግን ለምልመው ቆመዋል። ጥቁሩም ነጩም። እዚህ ላይ ማንኛውም ገበሬ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። እኔ አልጠየቅኩም፤ ማስታወሻዬን አውጥቼ «ሁለቱም ዝርያዎች ውርጭ የመቋቋም ምልክት አሳይተዋል» ብዬ ጻፍኩ። አጻጻፉም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ከጥቁሩ መደብ ከዚህም ከዚያም ቅጠል ቀጥፌ አንድ ቱቦ ውስጥ አንድ ላይ ከተትኩ። ከነጩም እንዲሁ። ሁለት ቱቦ ሆነ። ደክሞኝ ነበር፤ ቁልቁለቱም ይጠብቀኛል።

መለኪያ መሣሪያው ያለው ባሕር ዳር ነው። በማግስቱ ቱቦዎቹን በበረዶ ሳጥን ይዤ ወረድኩ። ሐሙሲት ላይ የገበያ ቀን ሆኖ ሚኒባሱ ሞላ። ዶሮ የያዙ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው እግራቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ።

«ዓሣ ነው?» አሉኝ።

«የገብስ ቅጠል ነው።»

«በበረዶ?»

«በበረዶ።»

እስከ ባሕር ዳር ድረስ አላናገሩኝም። ዶሮዋንም በመስኮቱ በኩል አድርገው ያዟት።

መሣሪያው እያንዳንዱን ቱቦ ሦስት ሦስት ጊዜ ለካ። ሦስቱም ልኬት ተመሳሳይ መጣ፤ ጥራቱ ራሴን አስደነቀኝ። በጥቁሩና በነጩ መካከል ልዩነት የለም። አማካሪዬ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነበር፤ «ልዩነት አልታየም ብለህ ጻፍ፤ እሱም ውጤት ነው» አለኝ። ጻፍኩ። ካባ ለብሼ ፎቶ ተነሣሁ።

በግንቦት መጨረሻ አጎቴ ደወሉ። የዘር ጊዜ ደርሶባቸዋል።

«እንዴት ሆነ የኛ ነገር?»

ልነግራቸው የሚገባው እንዲህ ነበር። አጎቴ፣ ከየመደቡ አንድ ቱቦ ብቻ ወስጄ፣ ፀሐይ ቅጠሉን ካሞቀው በኋላ፣ ልዩነት ፈልጌ አላየሁም፤ ልዩነት ይኑር አይኑር ግን አላውቅም። ይህ ረጅም ነው። መስመሩም ይቆራረጣል፣ በር ላይም ተማሪዎች ቆመው ይጠብቁኛል።

«አንድ ናቸው» አልኩ።

«ለውርጭ?»

«ለውርጭ አንድ ናቸው።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ትምህርት እንዲህ ይጠቅማል እንዴ!» አሉ። ደስታቸው በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር።

ማሳውን በሙሉ በነጩ ዘሩት። ለውርጭ አንድ ከሆኑ ምርቱ የሚበልጠው ይዘራል፤ የእሳቸው አስተሳሰብ ምንም ስሕተት የለበትም። ጥቁሩ ደግሞ ለዘር መቀመጡ ቀረና ተበላ። በዚያው ሰኔ ልጃቸው ውሏን ጨርሳ ስለተመለሰች ለመምጫዋ ጠላ ተጠመቀበት፣ ዳቦ ተጋገረበት፤ የተረፈው በክረምቱ በሶ ሆነ። እኔም ድግሱ ላይ ተጠርቼ ጠላውን ጠጥቻለሁ። ጥሩ ጠላ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ከእኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች። ከዓረብ አገር ይዛው የመጣችው ነገር ብዙ አይደለም፤ አንዱ ግን ሥርዓት ነው። አሠሪዋ ስድስት መኝታ ቤት ነበራት፤ የቱ አንሶላ በየትኛው ቀን እንደሚቀየር በዝርዝር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። የዚያን ቤት ሽታ ሳይቀር ጠልታ ብትመጣም ዝርዝሩ አልለቀቃትም። ስልኳ ላይ ለሁሉም ነገር ደወል ትሞላለች፤ ለላሟ፣ ለእሳቱ፣ ለአባቷ መድኃኒት። ድግሱ ላይ እንግዳው ሲሳሳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ቀርቻለሁ» አለችኝ። «ገብሱ ካበላን ቀርቻለሁ።»

«ያበላችኋል» አልኩ። ያናገረኝ ጠላው ይሁን ዲግሪው አላውቅም።

በኅዳር የደወለችልኝ እሷ ናት። «ና» አለች። ምን ሆነ ብላት «ና ብቻ» ብላ ዘጋችው።

ማሳው ከሩቅ ያምር ነበር። ገብሱ ቀጥ ብሎ፣ ነጣ ብሎ ቆሟል። ቀርቤ አንዱን ዛላ በጣቶቼ ስጨብጠው ውስጡ ምንም የለም። ሌላውንም ያዝኩ። አጎቴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ልሰደብ ተዘጋጅቼ ዞርኩ። ያሉኝ እንዲህ ነው።

«ምኑ ላይ አጠፋሁ ልጄ? አንተ አንድ ናቸው ብለሃል። አዘራሬ ላይ ይሆን ያጠፋሁት?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንደዚህ ያመመኝ የለም። አፈርኩ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አምና ግን ነጩ ቆሞ ነበር» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ይቆማል እንጂ» አሉ አጎቴ። «ሸፍኜው ነበራ።»

«ምን አደረጉት?»

«በጭድ ነዋ። ሰማዩ ሲጠራ አየሁና ሁለቱንም መደብ ጭድ አለበስኳቸው። ጭዱ ያልደረሰበትን በጋቢዬ። ሲነጋ አንሥቼ ጠራርጌ አስቀመጥኩልህ። የሰው አደራ ውርጭ ይብላው?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ እኮ የማየው ውስጡን ነው አልክ። እኔ የሸፈንኩት ላዩን ነው።»

 የራሳቸውን ማሳ አልሸፈኑም። የእኔን ግን ጋቢያቸውን አውልቀው፣ በጉና ብርድ ራቁት ትከሻ ሆነው ሸፍነዋል። ገብስ በብርድ ጊዜ ምን ያደርጋል ብዬ ያጠናሁት በጋቢ ሥር ነበር ማለት ነው። በመመረቂያ ጽሑፌ የምስጋና ገጽ ላይ «ለመደቦቹ ላደረጉት ጥንቃቄ» ብዬ አመስግኛቸዋለሁ። ጥንቃቄ በእርግጥም አድርገዋል።

ደብረ ታቦር ተመልሼ ማስታወሻዬን እንደ ደመኛ ጽሑፍ አነበብኩት። ጥፋቱ ጭዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። አንዱን ቱቦ ሦስት ጊዜ መለካቴ ያረጋገጠው እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ብቻ ነው፤ ከአንድ ጋን ሦስት ጊዜ ቀድቶ የአገሩ ጠላ ሁሉ እንዲህ ነው እንደማለት። የሁሉንም ቅጠል አንድ ላይ ስለደባለቅኩ ደግሞ ከገብስ ገብስ ያለውን ልዩነት ራሴ አጥፍቼዋለሁ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለደረስኩ ብርዱን የሰሙት ጂኖች ሥራቸውን መተው ጀምረው ይሆናል። ሌላም አለ። ሁልጊዜ እኩል ይሠራል ተብሎ ለማነጻጸሪያ የያዝኩት ጂን፣ ለካ ብርድ ሲነካው እሱም ይለዋወጣል። ይህን አስቀድሞ መፈተሽ ይቻል ነበር፤ አልፈተሽኩም። ባጭሩ ጭድ ባይኖርም ልዩነቱን ላላየው እችል ነበር። ይህን ለአጎቴ አልነገርኳቸውም። በጭዱ ማላከክ ይቀል ነበር። ለልጃቸው ግን ነገርኳት።

እስክጨርስ አዳመጠችኝ። «እንደገና ሥራው» አለች።

«ምን ያደርጋል? ማሳው ራሱ ነግሮናል።»

«ማሳው የነገረን ነጩ እንደማይችል ነው። ጥቁሩ ዘንድሮ መች ተዘራ? ያምናው ውርጭና የዘንድሮው ውርጭ አንድ መሆናቸውን በምን አወቅህ? ጥቁሩም ተዘርቶ ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ ሊያልቅ ይችል ነበር።» የእኔ አማካሪ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። «አባቴ ከዚህ በኋላ በግምት አይዘሩም። እኔም በግምት አልቀርም። እስከሚመጣው ኅዳር እጠብቅሃለሁ።»

ጥቁሩ ዘር ከቤታቸው አልቋል። በዓለም ላይ የቀረው እኔ ዘንድ ነበር፤ ለጥናት ወስጄው የተረፈኝ፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቢሮዬ መሳቢያ ከአሮጌ የፈተና ወረቀቶች ሥር። በሰኔ ቆርቆሮውን አቅፌ ዳገቱን ወጣሁ። የማሳው ትልቁ ክፍል ለድንች ሆነ፤ የዓመቱ ምግብ እሱ ነው። በቀረው ላይ አሥራ ሁለት መደብ አወጣን። ስድስት ለጥቁር፣ ስድስት ለነጭ። የትኛው የት እንደሚዘራ በዕጣ ይሁን ስል አጎቴ ቀልድ መሰላቸው።

«እግዜር አእምሮ ሰጥቶን በዕጣ ይዘራል?»

«ደህናው አፈር ለአንዱ እንዳያደላ ነው አጎቴ።»

«እ» አሉ። ያኔ ገባቸው። እሳቸውም የአባታቸውን መሬት ከወንድሞቻቸው ጋር የተካፈሉት በዕጣ ነው። ጠጠሩን ራሳቸው ለቅመው መጡ።

በዚህኛው ጊዜ ቅጠል አይደባለቅም፤ የየመደቡ ቅጠል በየራሱ ቱቦ ይገባል። ሁሉም ደግሞ ውርጩ ሳይቀልጥ፣ በአንድ ጊዜ መቀጠፍ አለበት። ለዚህ አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የአጎቴ ልጅ ከታች ካሉት ቤቶች ሰው ሰብስባ አንድ ሳምንት ሙሉ በሣር አለማመደቻቸው። በምላጭ ይቆረጣል፤ ርዝመቱ አንድ ጣት፤ ወደ ቱቦው ይገባል፤ እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ ውስጥ ይጠልቃል፤ ይከደናል። አንድ ሽማግሌ ክዳኑ እምቢ ሲላቸው በጥርሳቸው ሊያጠብቁት ሲሉ ደረሰችባቸው። ምራቅ ናሙናውን ያበላሻል ብያት ነበር፤ እሷ ግን ያለችው «አባቴ፣ ይህ የሚካኤል ጠበል ነው ብለው ይያዙት» ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን ቱቦ እሳቸው እንደያዙት የያዘው ሰው የለም።

የቀረው ምልክት ነበር። ስልክ ሁሉም የለውም፤ ያላቸውም ሰዓታቸው አይገጥምም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ግን ለሁሉም እኩል ይሰማል። እንግዲህ ውርጩ በወረደ ጠዋት የመጀመሪያው ደወል ሲደወል ይቀጠፋል ተባባልን። ሰማዩ ቀን መርጦ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ጠራ። ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ በሚካኤል ቀን ምላጭ አንይዝም አሉ። ወደ ቄሱ ሄድን።

«ቅጠሉ ይበላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይበላም አባታችን።»

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ይፈጭና ይለካል።»

 «የማይበላና የማይሸጥ ነገር ሥራ አይባልም» ብለው ፈቀዱ። ስለ ሙያዬ ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ የሚቀርበኝ ይህ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ወደ መደቦቹ ስወጣ አጎቴን እዚያው አገኘኋቸው። ሁለት እጃቸው እስኪሞላ ጭድ ታቅፈው ከጥቁሩ መደብ አጠገብ ቆመዋል። መሬቱ መንጣት ጀምሯል።

«አጎቴ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ዘሩ ግን ይኸው ነው። ሌላ የለም። የእናቴ ዘር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቢያልቅስ?»

ያኔ በስልክ እንዳደረግኩት አጭር መልስ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«አላውቅም» አልኳቸው።

 ከዚያ ጭዱን መሬት ላይ አስቀመጡት፣ ላዩ ላይ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ውርጩ በጥቁሩም በነጩም ላይ እኩል ወረደ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ፈራሁ፤ ለጥናቱ ሳይሆን ለቆርቆሮዋ ዘር። አሥራ ሁለቱ ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ በየመደባቸው ቆሙ። የአጎቴ ልጅ ከመደብ ወደ መደብ እየሄደች የእያንዳንዱን ቱቦ ቁጥር አየች። ደወሉ ሲደወል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ።

ባሕር ዳር ላይ ውጤቱን ለማየት ብዙ ቀመር አላስፈለገኝም። እያንዳንዱ መደብ ወረቀቱ ላይ አንድ ነጥብ ነው። የጥቁሩ ስድስት ነጥቦች ከላይ፣ የነጩ አምስት ነጥቦች ከታች ወድቀዋል። ስድስተኛዋ ነጭ፣ ከድንጋይ ካቡ ጥግ ያለችው፣ ብቻዋን ከፍ ብላ ከጥቁሮቹ ጋር ተቀላቅላለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከእሷ ብቻ ቀጥፌ ቢሆን ኖሮ እንደገና «አንድ ናቸው» እል ነበር። ሌሎቹ አምስቱ አፌን ያዙኝ። ጥቁሩ ገብስ ጋቢውን ቶሎና ደህና አድርጎ ይደርባል፤ ይኸው ነው ነገሩ። ማሳው ላይም እንዲሁ ሆነ፤ ጥቁሩ አፈራ፣ የነጩ ዛላ ባዶ ቀረ። አጎቴ ሁለት ቁና ጥቁር ገብስ ወቅተው አስገቡ።

አረንጓዴው ጽሑፍ ግን አልተለወጠም። ታትሞ የተጠረዘ ነገር አይለወጥም። «በሁለቱ ዝርያዎች መካከል ልዩነት አልታየም» የሚለው ከእነ ማኅተሙ እዚያው አለ። የውሰት ካርዱን እየሄድኩ የማየው እንዳላነበቡልኝ ለማዘን አይደለም፤ ማንም አንብቦ እንዳላመነው ለማረጋገጥ ነው።

በጥር ነጥቦቹ ያሉበትን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። የአጎቴ ልጅ በር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። እጇን ጠርጋ ተቀበለችኝ፤ ወረቀቱን ብዙ አየችው፤ ከላይ ያሉትን በጣቷ ቆጠረቻቸው።

«እውነት ነው እንግዲህ» አለች።

«እውነት ነው።»

«ሁለት ቁና ዘር ማሳውን እስኪሞላ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

ምርቱ አሳፋሪ የሆነ ገብስ ነው። አስቤ፣ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፌ፣ ደግሜ አስቤ ነገርኳት። «ሦስት ዓመት።»

«አንድ ውል ሁለት ዓመት ነው» አለች። «አንድ ውልና ትንሽ።»

 አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር፤ ይህን ለእሷም ነግሬያታለሁ። «ለምን ብዬ ላሳርፍህ» አለችኝና ድንቿን አነሣች። በየካቲት ገሳይ ድረስ ሸኘናት። አጎቴ ሚኒባሱ ከሄደ በኋላም መንገዱን እያዩ ቆሙ፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን እያየሁ ቆምኩ።

ባለፈው ኅዳር ሚካኤል እዚያው ጉና ላይ ነበርኩ። ገና ሲነጋጋ ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት። ስልኳ ላይ ደወል ሞልታ ነው የነቃችው።

«ወረደ?» አለች።

«ወርዷል።»

«አባቴስ?»

ቀና ብዬ አየሁ። «ጭዱ ላይ ተቀምጠዋል።»

ቀጠለች። 

«ገብሱ እንዴት ነው? እንዳሰብነው ነው? ማሳው ቶሎ አይሞላም?»

በጣም ጥሩ ነው፣ ቶሎ ትመጫለሽ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። «አላውቅም» አልኳት። «ልለካና ልደውልልሽ።»

«ስድስት ቦታ ለካ» ብላ ዘጋችው።

የዛላውን ፍሬ ስድስት ቦታ ለካሁ። ስድስቱም የሚሉት ያው ነው፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል።